የጠፋው ድምፅ፦ ስለ «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ» ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባለፈው ሳምንት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ‹ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ› የሚባል የ1962 ጥቁርና ነጭ ፊልም ዩቲዩብ ላይ አየን። በጣም አስፈሪ ነው ተብለን ነበር። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም፤ ፊቱን ዱቄት የተቀባ የሚመስል ሰውዬ ብቻ ነው ያለው። መሃል ላይ ድምፁ ሁለት ጊዜ ጠፋብን። ወንድሜ ሪሞቱን አንስቶ ቢጨምር፣ ቢጨምር አልመጣም። ቅጂው የተበላሸ ነው አልን። መጨረሻውን ደግሞ ገና ከጅምሩ ነው ያወቅነው። ወንድሜ ሲስቅ አመሸ። እኔ ግን ማታ መብራት አጥፍቼ መተኛት አቃተኝ። ምኑ ነው ያስፈራኝ? የተስተካከለ ቅጂ ይኖራል? ባለቀለምም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ ይሻል ይሆን? የ11 ዓመት ልጄ ልይ እያለች ነው፤ ምን ይመክሩኛል?»

ቅጂው አልተበላሸም። ድምፁ ሁለቱንም ጊዜ የጠፋው ሆን ተብሎ ነው። እንቅልፍ የነሳዎትም በአብዛኛው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላውን ከዚህ ተነስቼ ላስረዳ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፊልሙን ያላየ አንባቢ ካለ ደግሞ መጨረሻውን መናገሬ አይቀርምና አይቶ ይመለስ።

የመጀመሪያውን ቦታ ያስታውሱት። የፊልሙ ባለታሪክ ሜሪ ሄንሪ ልብስ መደብር ገብታ ቀሚስ ትለካለች። ምስሉ ለአፍታ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ከመለኪያ ክፍሉ ስትወጣ ሻጯ አታያትም። ብታናግራት አትሰማትም። ወደ መንገድ ትወጣለች። መኪናው ይሄዳል፣ ሰው ያወራል፣ ሠራተኛው አስፋልት ይሰብራል፤ አንዱም ድምፅ የለውም። የሚሰማው የራሷ ድምፅና የጫማዋ ኮቴ ነው። ቅጂው ቢበላሽ ኖሮ እነዚህም አብረው ይጠፉ ነበር። ፊልሙ የዓለሙን ድምፅ ነጥሎ አንስቶ የእሷን ብቻ ትቶታል።

የእኔ ሥራ የፊልም ድምፅ ነው። በእኛ ሙያ ጸጥታ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ጸጥታ አይደለም። ባዶ ክፍል እንኳ የራሱ ድምፅ አለው። የውጭ መኪና በሩቁ ይሰማል፣ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ አየር በመስኮት ይገባል። ቀረጻ ላይ ሁሉንም ዝም አሰኝተን ይህን የባዶ ክፍል ድምፅ ለብቻው እንቀዳዋለን። በኋላ በንግግሮቹ መሃል እናነጥፈዋለን። ተመልካች መኖሩን አያውቅም። ሲነሳ ግን ወዲያው ይታወቀዋል። የሆነ ነገር እንደተወሰደበት ይሰማዋል፤ ምን እንደተወሰደ መናገር ግን ያቅተዋል። ኸርክ ሃርቪ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር፣ ያደረገው ይህን ነው። ምንጣፉን ከእግራችን ሥር ሳብ አደረገው።

አሁን ወንድምዎ ያደረገውን ያስቡት። ሪሞት አንስቶ ድምፅ ጨመረ፤ አልመጣም። ሜሪም እኮ እዚያው ቅጽበት የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጮክ ብላ ታወራለች፣ ሰው ፊት ትቆማለች፣ መልስ ትፈልጋለች፤ አይመጣም። ሁለታችሁ ሳታውቁት የእሷን ጭንቀት ሳሎናችሁ ውስጥ ተጫወታችሁት። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰክቻለሁ። ደም የሚያፈስ ፊልም ስክሪኑ ውስጥ ይቀራል። ይህኛው ግን እጅዎን ከሶፋው አንስቶ ሪሞት ያስነካል። ማታ ቤቱ ረጭ ሲል ያ ስሜት ተመልሶ ቢመጣ አይገርመኝም።

ከዚያ ወደ መናፈሻው ትገባለች። ዛፍ ተደግፋ ስትቆም ወፍ ይዘምራል። ድምፁ በዚያች ወፍ በኩል ይመለሳል። በሌላ ፊልም ወፍ ሲዘምር ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን ትንፋሽዎን ይለቃሉ። እፎይታውን ያህል ነው ፍርሃቱም የሚታወቅዎት።

ሁለተኛው ስህተት «ርካሽ ስለሆነ በአጋጣሚ አስፈራ» የሚለው ነው። እርስዎ እንዲህ አላሉም፤ የወንድምዎ ሳቅ ግን ወደዚያ ይጠጋል። ፊልሙ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። 33,000 ዶላር ገደማ ነው የፈጀው። የተቀረጸውም በሦስት ሳምንት ነው። የሠሩት ሰዎች ግን ጀማሪዎች አልነበሩም። ሃርቪና የስክሪፕቱ ጸሐፊ ጆን ክሊፎርድ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ ሴንትሮን በሚባል ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ኩባንያው ለትምህርት ቤቶችና ለፋብሪካዎች አጫጭር ማስተማሪያ ፊልሞችን ይሠራል። እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ሰው በትንሽ ብር፣ በተገኘው ቦታ፣ ተዋናይ ካልሆነ ሰው ጋር፣ ፈጥኖና ጥርት አድርጎ መቅረጽ ያውቃል። ሃርቪ እረፍት ወስዶ፣ ከከተማው ሰዎች ገንዘብ አሰባስቦ፣ የለመደውን ሙያ ወደ ሙታን ታሪክ አዞረው።

በእኔ ግምት ያ የማስተማሪያ ፊልም ልማድ ለፍርሃቱ ጠቅሞታል። ካሜራው ነገሮችን ሳያጋንን ያሳያል። ነዳጅ ማደያው ነዳጅ ማደያ ነው። የአከራይዋ ቤት እንደማንኛውም አከራይ ቤት ነው፤ ደረጃው፣ መጋረጃው፣ መታጠቢያ ቤቱ። በዚያ ዘመን ብዙ አስፈሪ ፊልም የሚከፈተው በጭጋግና በቤተ መንግሥት ነበር። እዚያ ተመልካቹ ገና ከበሩ ይዘጋጃል። እዚህ የሚዘጋጁበት ነገር አያገኙም። ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መደብር ውስጥ ነው ሴትየዋ የምትጠፋው።

ጉድለቱን አልደብቅም። አንዳንድ ቦታ ንግግሩ ከከንፈር ጋር አይገጥምም። ትንንሽ ሚና ከያዙት ተዋናዮች አንዳንዶቹ ቃላቸውን እንደ ተማሪ ነው የሚወጡት። ወንድምዎ በዚህ ከሳቀ ተሳስቷል አልልም። የሜሪን ቦታ የያዘችው ካንዴስ ሂሊጎስ ግን ኒው ዮርክ የተማረች ተዋናይት ናት። በእሷና በሌሎቹ መካከል ያለው የትወና ልዩነት ራሱ ታሪኩን ያገለግላል። ሁሉም ሰው አንድ ዓለም ውስጥ አለ፤ እሷ ሌላ። ይህን ሃርቪ አቅዶት ይሁን ሆኖለት፣ ስክሪኑ ላይ የሚሠራው ሥራ ያው ነው።

ስለ ሰውዬው ልመልስ። ያ ነጭ ፊት ያለው ሰው ራሱ ኸርክ ሃርቪ ነው። ፊልሙ ስም አልሰጠውም። ሜካፑ ቀላል ነው፤ ነጭ ፊት፣ ዙሪያቸው የጠቆሩ ዓይኖች። መልኩን ለብቻው ፎቶ ላይ ቢያዩት አያስፈራም። የሚያስፈራው የት እንደሚቆምና ምን እንደማያደርግ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ሜሪ በሌሊት እየነዳች ሳለ ነው። ጎኗ ያለውን የመኪና መስኮት ስትመለከት የራሷን ነጸብራቅ ታያለች። እንደገና ስትመለከት በዚያው መስታወት ውስጥ የእሱ ፊት አለ። መኪናው እየበረረ ነው። በውጭ የሚቆም ሰው ሊኖር አይችልም። ሰውዬው ደግሞ ከጫካ ዘሎ አልወጣም፤ የእሷን ፊት ቦታ ነው የወሰደው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ምንም ቢያሳይ ያቺን መስታወት አትረሷትም። ሰውዬው አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ቢላ የለውም። ፈገግ ይላል፤ ይጠብቃል። ቸኩሎ የሚመጣ ጠላት ሊሳሳት ይችላል። ይሄኛው ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ሌላ ሰው አለ፤ ጎረቤቷ ጆን ሊንደን። ሲድኒ በርገር ነው የተጫወተው። ክፍሏ በር ላይ ይቆማል፣ በስንጥቅ ያያል፣ ልግባ ይላል፣ ጠዋት ቡና ይዞ ይመጣል፣ ቡናው ላይ አረቄ ያፈሳል። እምቢ ስትለው አይሰማም። ሜሪ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ያ ነጭ ፊት ያለው ሰው ይመጣባታል። እሱን ሽሽት ሰው ስትፈልግ ደግሞ የምታገኘው ይህን ጎረቤት ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት እሷን ነው፤ ሁለቱም ፈቃዷን አይጠይቁም። መጨረሻ አካባቢ ሊንደንን «አትሂድብኝ» ብላ እስከመለመን ትደርሳለች፤ ከብቸኝነቱ እሱ ይሻላልና። ይህን ፊልም ከሴቶች ጋር ባየሁ ቁጥር ዝም የሚሉት ነጩ ፊት ሲመጣ ሳይሆን ሊንደን በሩን ሲያንኳኳ ነው። እርስዎም ያስፈራዎት ነገር ግማሹ ይህ ሊሆን ይችላል። ወንድምዎ አልታየው ይሆናል።

ሙዚቃውን ለብቻው ላንሳ። ከድምፁ መጥፋት ቀጥሎ የፊልሙ ትልቁ መሣሪያ እሱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማው ኦርጋን ነው፤ የሠራው ጂን ሙር ነው። ሜሪ ደግሞ በሙያዋ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናት። ከካንሳስ ወደ ዩታ የምትሄደውም ለዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ ኦርጋን በሰማን ቁጥር ከፊልሙ ነው ወይስ ከታሪኩ ውስጥ የሚለው አይለይልንም። በሌሊት ስትነዳ ሬዲዮ ትከፍታለች። ኦርጋን ነው። ጣቢያ ትቀይራለች፤ ያው ኦርጋን። ልታጠፋው ትሞክራለች። የፊልሙ ማጀቢያ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ኦርጋን ባዕድ መሣሪያ ነው፤ እንግዳ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሊያልፈው ይችላል። በነዚያ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያኖች ግን ቦታው ለእኛ ከበሮና ጸናጽል ያላቸው ዓይነት ቦታ ነው። አሁን ያንን ትዕይንት እንደገና ያስቡት። ሜሪ ብቻዋን መዝሙር ትለማመዳለች። ቀስ በቀስ ጣቶቿ ከእጇ ያመልጣሉ። ዜማው ከመዝሙር ወደ ሌላ ነገር ይዞራል፤ የሚያማልል፣ የሚያዞር የጭፈራ ዜማ። ዓይኖቿ ፈዘዋል። አንድ ባለሙያ በማኅሌት መሃል ጸናጽሉን ይዞ ሳያውቀው የዘፈን ምት ሲመታ ቢያዩ ምን ይሰማዎታል? ቄሱ ሰምቶ ይደርሳል፤ ቅድስናን መድፈር ነው ብሎ ይጮህባታል። ከሥራ ያሰናብታታል፤ ወዲያው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን እንዳትርቅ ይመክራታል። እሷ ከመጀመሪያው የምትለው ሌላ ነበር። ለእሷ ቤተ ክርስቲያን የሥራ ቦታ ናት፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ሕያው ሆና የቆየችበት የመጨረሻው ገመድ ሙያዋ ነበር። እጇ እሱንም ከዳት። እኔን ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ቦታውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በፊልሙ የሚታየው የተተወ የጭፈራ አዳራሽ ለፊልሙ የተሠራ አይደለም። ሶልትኤር ይባላል። ዩታ ውስጥ ከታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር በ1893 የተሠራ መዝናኛ ነበር። ሰው ከሶልት ሌክ ሲቲ በባቡር እየመጣ ይዋኝበት፣ ይጨፍርበት ነበር። በ1925 ተቃጠለ። እንደገና ተሠራ። ሐይቁ ሸሽቶት ውሃ ላይ ሊቆም የታሰበው ሕንፃ ደረቅ ላይ ቀረ። በ1958 ተዘጋ። ሃርቪ ከካሊፎርኒያ ወደ ካንሳስ እየነዳ ሲመለስ ጀምበር ስትጠልቅ አየው። ጉልላቶቹ ቆመዋል፤ ሰው የለም። ቤቱ ሲደርስ ለክሊፎርድ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሙታን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይጨፍሩ። ሌላውን ታሪክ ክሊፎርድ ከዚያ ወደ ኋላ ጻፈው። ለዚህ ነው ፊልሙ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ቦታ የሚጎትት የሚመስለው። የተጻፈውም በዚያ መንገድ ነው። ያ አዳራሽ በ1970 እንደገና ተቃጥሎ አለቀ። አሁን በስሙ የሚጠራው ሌላ ሕንፃ ነው። ስለዚህ በፊልሙ የሚያዩት ግድግዳ፣ የተቆለለው የወረቀት ጌጥ፣ ያ ወለል፣ ዛሬ የሉም።

መጨረሻውን ገና ከጅምሩ አወቅነው ብለዋል። ልክ ነዎት። መኪናው ከድልድዩ ይወድቃል። ፈላጊዎች ለሰዓታት ውሃውን ይመረምራሉ፤ ምንም የለም። ከዚያ ሜሪ በጭቃ ተለውሳ ከአሸዋው ላይ ብቅ ትላለች። ያን ያህል ሰዓት ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው እንደማይወጣ ማንም ያውቃል። ሐሳቡም አዲስ አልነበረም። አሜሪካዊው ደራሲ አምብሮዝ ቢርስ በ1890 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ያመለጠ መስሎት ይሄዳል። ሃርቪና ክሊፎርድ ሊያስደነግጡን ቢፈልጉ ኖሮ ያንን የድልድይ ትዕይንት ይደብቁት ነበር። ፊት ለፊት ነው ያስቀመጡት። እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። ሥራ ትጀምራለች፣ ክፍል ትከራያለች፣ ቀሚስ ትለካለች። አንድ ሰው መሞቱን ሳይሰማ ቀሚስ ሲለካ ማየት ምን ዓይነት ነገር ነው? «ወይ እናቴ፣ ማን በነገራት» የሚያሰኝ ነው። መጨረሻ ላይ መኪናው ከወንዙ ሲወጣ፣ እሷም ከሌሎቹ ሁለት ሴቶች ጋር እዚያው ተቀምጣ ሲያዩአት፣ አልደነገጡም። ሆድዎ ግን ተላወሰ። ፍርሃትና ሐዘን አንድ ላይ ሲመጡ ቶሎ አይለቁም።

ይህን የመሰለ ፊልም ለምን ተረሳ? ምክንያቱ አጭርና የሚያናድድ ነው። በ1962 መስከረም ላይ እዚያው ሎረንስ ተመረቀ። ያከፋፈለው ኸርትስ ላየን የሚባል ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ፊልሙን ቆርጦ ከ84 ደቂቃ ወደ 78 ገደማ አወረደው። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ በሚያይባቸው የሜዳ ሲኒማዎች ከሌላ ርካሽ ፊልም ጋር ደርቦ አሳየው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሃርቪ ወደ ሴንትሮን ተመለሰ፤ ሁለተኛ ረጅም ፊልም አልሠራም። ፊልሙ በሌሊት ቴሌቪዥን ላይ እየታየ ኖረ። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሰዎች እያዩት፣ ስሙን ሳይዙ፣ «የሞቱ ሰዎች የሚጨፍሩበት» እያሉ ያስታውሱት ነበር። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ሙታን የሚነሱበትን ዝነኛ ፊልሙን ሲሠራ ይህ ፊልም እንዳነሳሳው ተናግሯል። በ1989 እንደገና ሲኒማ ቤት ገባ። ሃርቪ በ1996 ሲያርፍ ቢያንስ ሥራው መከበሩን አይቷል።

አሁን ወደ ቅጂው። ፊልሙ ሲወጣ የባለመብትነት ምልክት በትክክል አልተለጠፈበትም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ይህ ማለት ፊልሙ የሕዝብ ሆነ ማለት ነበር። ዩቲዩብ ላይ በየቦታው የሚገኘው ለዚህ ነው። ጥሩ ዜና ይመስላል፤ መዘዝ ግን አለው። ማንም ሰው ከማንኛውም የተቦጫጨቀ ኮፒ አንስቶ መጫን ይችላል። አብዛኞቹ ቅጂዎች ጥቁሩ ጭቃ የሆነባቸው፣ ድምፃቸው የሚያፏጭ ናቸው። ማፏጨቱን ቀላል አድርገው አይዩት። ዓለም ጸጥ ባለበት ትዕይንት ላይ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከቀጠለ ጸጥታው የለም፤ ምንጣፉ አልተሳበም። እናንተ ያያችሁት ቅጂ ድምፁ ጥርት ብሎ ስለጠፋ ነው የተበላሸ የመሰላችሁ። ደህና ቅጂ ነበር ማለት ነው! ከሁሉ የሚሻለው ክራይቴሪየን የሚባለው የፊልም አሳታሚ ኩባንያ በ2016 ያወጣው የታደሰው ብሉ ሬይ ዲስክ ነው። እሱን ካላገኙ ረጅሙን ቅጂ ይፈልጉ፤ ወደ 84 ደቂቃ ሊጠጋ ይገባል።

ባለቀለሙን አይዩ። በዚህ ላይ አማካይ ሐሳብ የለኝም። በኋላ በኮምፒዩተር የተቀባ ቀለም ነው። ነጩ ፊት የሚያስፈራው ሌላው ሁሉ ግራጫና ጥቁር ሲሆን ነው። ሜሪ ራሷ በጥቁርና ነጭ ገርጥታ ስትታይ ከሙታኑ ያላት ርቀት ትንሽ ብቻ ይሆናል። ፊቷን ሮዝ ሲቀቡት ሕያው አደረጓት፤ ታሪኩን ገደሉት። በ1998 በዚሁ ስም የወጣውንም ሲፈልጉ እንዳይሳሳቱ። ስሙን ነው የወሰደው፤ ታሪኩ ሌላ ነው፣ ጭካኔውም ለቤተሰብ አይሆንም።

ስለ ልጅዎ፦ አሁን አይሁን። ደም የለበትም ብለው አይዘናጉ። በ11 ዓመት የሚያስፈራ ጭራቅ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይረሳል። «እናቴ ፊት ቆሜ ብጮህ ባትሰማኝስ?» የሚለው ሐሳብ ግን በዚያ ዕድሜ ሥር ሊይዝ ይችላል። የጎረቤቱም ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ዓመት ይቆይ። ያኔ በቀን፣ አጠገቧ ሆነው ይዩት፤ ስለ ሊንደንም በግልጽ ያውሯት። ሰው በውሃ ወይም በመኪና አደጋ የተነጠቀ ቤተሰብ ደግሞ ሐዘኑ ሳይበርድ ይህን ፊልም ባይከፍት እመክራለሁ። የወንዙ ትዕይንት ለእንደዚህ ያለ ሰው ፊልም ብቻ አይሆንም።

እርስዎ ግን እንደገና ይዩት። ማታ፣ ብቻዎን፣ በጥቁርና ነጩ፣ ጥሩ ኢርፎን አድርገው፣ ስልክዎን ሌላ ክፍል ትተው፣ ሳያቋርጡ። ወንድምዎም ለብቻው ቢያየው ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ሲሆን ሳቅ ቶሎ ይመጣል፤ ሳቅ ደግሞ ያንን ጸጥታ ይሞላዋል። የመኪናውን መስታወት ይጠብቁ። የሬዲዮውን ኦርጋን ያዳምጡ። ልብስ መደብሩ ውስጥ ምስሉ ሲርገበገብ እጅዎን ከሪሞቱ ያርቁ። ምንም አይንኩ። ከእሷ ጋር መንገዱን ይሂዱ፤ ወፏ እስክትዘምር ይጠብቁ።